የሚጥል በሽታ ሲከሰት ቤተሰብ ምን ያድርግ?



   ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ጎረቤት እንዳይሰማ ተብሎ በሹክሹክታ የሚወራ ነው። እርሱም የሚጥል በሽታ ነው።

ነገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይሆነዋል። በወሎ ገጠር በአንድ ሐሪማ የምቀራ ልጅ ነበርኩ። ከመግሪብ በኋላ እሳት ከበን እንቀራለን፤ ኩራዙ ለሁላችን ስለማይዳረስ ብርሃናችን እሳቱ ነበር። አንድ ምሽት ከአጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ድንገት ጮኸና ወደፊት ተደፋ። ቀኝ እጁ ፍሙ ውስጥ ገባ። ሰውነቱ ተገተረ፣ ቀጥሎም ይንፈራገጥ ጀመር፣ ከአፉም አረፋ ወጣ። አሥር የምናህል ደረሶች ነበርን፤ ሁላችንም ተነስተን ሸሸን። አረፋው የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል ሲባል ሰምተናል፤ ጂኒው ወደ እኛ ይዞራል ብለንም ፈርተናል። ምግብ የሚሠሩልን እናት ከማድ ቤት ሮጠው መጥተው በጋቢው ጎትተው ከእሳቱ አራቁት። እሳቸው እስኪደርሱ ድረስ ያለፈው ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የዚያ ልጅ ሦስት ጣቶች ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ አልተዘረጉም። አንዳችን የልብሱን ጫፍ ይዘን ብንስበው ኖሮ በተረፉ ነበር። የዛሬውን ርእስ ስመርጥ በዓይኔ ላይ የነበረው ያ ምሽት ነው።

ለመሆኑ ይህ በሽታ ምንድን ነው? የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። አንጎላችን ለሰውነታችን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው እጅግ አነስተኛ በሆነ የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። ይህ መልእክት ሥርዓቱን ሲስትና ብዙ የአንጎል ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ሲለቁት ሰውየው ራሱን ይስታል፣ ጡንቻዎቹ ይገተራሉ፣ ከዚያም ይንቀጠቀጣል። ሲወድቅ የሚሰማው ጩኸት የደረት ጡንቻ ድንገት ሲኮማተር አየር በጉሮሮ ተገፍቶ ሲወጣ የሚፈጠር ድምፅ ነው። አረፋ የምንለውም ያልተዋጠ ምራቅ ነው፤ ምላሱን ወይም ጉንጩን ከነከሰ ደም ይቀላቀልበታል። በሽታው በምራቅም ሆነ በመንካት፣ አብሮ በመብላትም ሆነ አብሮ በመተኛት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

መነሻው ብዙ ነው። ሲወለድ የታፈነ ሕፃን፣ ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው፣ በማጅራት ገትር ወይም አንጎል ላይ በወጣ ወባ የታመመ ልጅ ከጊዜ በኋላ ሊይዘው ይችላል። መነሻው ጨርሶ የማይታወቅበት ሰውም ጥቂት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ አለባቸው። በአገራችን ደግሞ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ ገጠር ባደረጉትና በ1990 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው መካከል 5 ያህሉ በሽታው እንዳለበት ተገኝቷል። ለጁሙዓ 1,000 ሰው የሚሰበሰብበትን መስጂድ አስቡና እነዚህ አምስት ሰዎች የት ናቸው ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ተደብቀዋል።

እዚህ ላይ “ሸይኽ፣ ጂን አይደለም ወይ?” የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። በየሳምንቱ የሚጠይቀኝ ሰው አላጣም። ጂን መኖሩን ቁርኣን ነግሮናል፤ እናምናለን። ነገር ግን ጂን አለ ብሎ ማመን አንድ ነገር ነው፤ “ይህን የወደቀውን ልጅ የጣለው ጂን ነው” ብሎ መወሰን ሌላ ነገር ነው። ይህን የሚወስን ሰው የገይብ ዕውቀት ከየት አመጣ? ኢብኑል ቀይም እንኳ (በ1350 እ.ኤ.አ. ያረፉት ታላቅ ሊቅ) “ዛዱል መዓድ” በተሰኘው ኪታባቸው መውደቅን በሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱን ከክፉ መንፈስ የሚመጣ፣ ሌላውን ደግሞ ሐኪሞች ምክንያቱንና ሕክምናውን የሚናገሩለት የሰውነት ሕመም ያደርጉታል። እንግዲህ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ ዑለማዎች ለሐኪም የተውትን ቦታ እኛ ዛሬ ለምን እንነፍገዋለን? ቁርኣን መቅራት፣ ዱዓ ማድረግ መልካም ነው፤ ማንም አይከለክልም። በሩቅያ ስም ሕመምተኛን መግረፍ፣ ጉሮሮውን ማነቅ፣ በጭስ ማፈን፣ ማሰርና ማስራብ ግን በየትኛው ሸሪዓ ተፈቀደ? ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ “ሩቅያ ስለተጀመረ መድኃኒቱ ይቁም” የሚለው ትእዛዝ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን አንድ ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንዲት ጥቁር ሴት ወደ አላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ በሽታው እንደሚጥላትና ስትወድቅ ሰውነቷ እንደሚገለጥ ነግራ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ብትታገስ ጀነት እንዳላት፣ ከፈለገችም እንድትድን ዱዓ እንደሚያደርጉላት አስመረጧት። መታገሱን መረጠች። ነገር ግን አንድ ነገር ለመነቻቸው፤ ስትወድቅ ሰውነቷ እንዳይገለጥ። ዱዓ አደረጉላት።

ይህን ሐዲስ በሁለት መልኩ የሚያጣምሙት ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዳንዶች “ታገሺ ተብላለችና መታከም አያስፈልግም” ይላሉ። እነዚሁ ሰዎች ጥርሳቸውን ሲያማቸው ሐኪም ቤት ለመድረስ አንድ ቀን አይታገሱም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሌላ ሐዲስ እንድንታከም አዝዘዋል፤ አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ አስተምረዋል። ሁለተኛው ስሕተት የሴትየዋን ልመና ሰምቶ አለማስተዋል ነው። ያቺ ሶሐብይ ከሕመሙ በላይ ያስጨነቃት ሰው ፊት መዋረዷ ነው። ዛሬም በመንገድ ላይ አንዲት እህት ስትወድቅ ሰው ይከባል፣ ያያል፣ አሁን አሁን ደግሞ በሞባይል ይቀርጻል። ሻርፕ ወይም ነጠላ አውልቆ እግሯን የሚሸፍን ሰው ግን ይጠፋል። ሲጥለው ሽንት የሚያመልጠው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ በሽታው ያለበት ሰው ባለበት ቤት አንድ ልብስ በቅርብ ይቀመጥ፤ ሲወድቅ ከወገቡ በታች ጣል አድርጉበት፤ ተመልካቹን በትኑ።

አሁን ሰው ፊታችሁ ሲወድቅ ምን እንደምታደርጉ እንነጋገር። ሰዓት ተመልከቱ። ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በድንጋጤ ውስጥ ላለ ሰው አንዱ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ይመስለዋል፤ ሐኪሙ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ “ስንት ደቂቃ ቆየ?” ብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንፈራገጡ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የእናንተ ሥራ እንዳይጎዳ መጠበቅ ነው። እሳት፣ ውኃ፣ ገደል ወይም የመኪና መንገድ አጠገብ ከሆነ ጎትታችሁ አርቁት፤ አደጋ ከሌለበት ግን ከወደቀበት አታንሱት። ድንጋዩን፣ በርጩማውን፣ ጀበናውን ከአጠገቡ አንሱ። ከጭንቅላቱ ሥር ኩታ ወይም የተጠቀለለ ልብስ አስገቡ። የአንገት ቁልፉን ፍቱ፤ እህት ከሆነች የሒጃቧን መርፌ አውጡና አንገቷ ላይ የጠበቀውን አላሉ። ይህን ስታደርጉ ሒጃቡን ከራሷ መግፈፍ አያስፈልግም።

እጅና እግሩን በኃይል አትያዙት። አራት ጎረምሳ ተባብሮ ሲጫነው ብዙ ጊዜ አይተናል፤ መንፈራገጡ በመያዝ አይቆምም፤ ትከሻው ግን ሊወልቅ፣ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። መንፈራገጡ ሲበርድለት፣ ከተቻለም ከዚያ በፊት፣ በጎኑ አጋድሙት። ከታች ያለው እጁ ወደፊት ይዘርጋ፣ ከላይ ያለው ጉልበቱ ይታጠፍ፣ ፊቱ ወደ መሬት ዘንበል ይበል። ምራቁና ትውከቱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ በጀርባው ከተኛ ግን ወደ ሳንባው ይገባና ያፍነዋል።

አፉ ውስጥ ምንም ነገር አታስገቡ። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፤ ማንኪያ፣ እንጨት፣ ጣት፣ መፋቂያ፣ ምንም ነገር። “ምላሱን እንዳይውጥ” ይባላል፤ ሰው ምላሱን ሊውጥ አይችልም። ሊነክሰው ይችላል፤ የተነከሰ ምላስ ይድናል። የተሰበረ ጥርስ ጉሮሮ ውስጥ ከገባ ግን ሊያፍነው ይችላል። ዘምዘምም ቢሆን፣ የተቀራበት ውኃም ቢሆን፣ ራሱን በሳተ ሰው አፍ አይፈስስም። ሙሉ በሙሉ ነቅቶ ስሙን ሲነግራችሁ ያን ጊዜ አጠጡት።

ክብሪትስ? በአገራችን ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ በአፍንጫው ማስሸተት የተለመደ ነው። “እኔ አስሽቼው ነቅቷል” የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ወገኖቼ፣ መንፈራገጡ በሁለት ደቂቃ በራሱ የሚቆም ከሆነ፣ በሁለተኛው ደቂቃ የተጫረ ክብሪት ሁሉ መድኃኒት መስሎ ይታያል። ሽንኩርት ያሸተተም፣ ቁልፍ ያስጨበጠም፣ ቀዝቃዛ ውኃ የደፋም እንደዚያው ይላል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው የክብሪት ጭስ ሲምግ የባሰ ይጎዳል፤ ፊቱ የተቃጠለም አለ።

ከቆመለት በኋላ ወዲያው አይነቃም። ይደናገራል፣ ያለቅሳል፣ ሊመታችሁም ይችላል፣ ቀጥሎ ከባድ እንቅልፍ ይወስደዋል። ይህ የደከመ አንጎል ዕረፍት ነው፤ ሰድቦ መቀስቀስም ሆነ በምርመራ ማስጨነቅ አይገባም። አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ሲነቃ የት እንዳለ፣ ምን እንደሆነ በቀስታ ይንገረው።

ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ የሚባለው መቼ ነው? መንፈራገጡ አምስት ደቂቃ ካለፈው፣ ወይም አንዱ ቆሞ ሳይነቃ ሌላው ከተከተለ፣ ሰዓት አትቁጠሩ፤ መኪናም ሆነ ቃሬዛ ፈልጉ፤ ይህ ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ውኃ ውስጥ ከወደቀ፣ ጭንቅላቱ ከተመታ፣ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ፣ ወይም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነም እንዲሁ። ሕፃናትን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ትኩሳቱ ሲጨምር ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይህ ሁልጊዜ የሚጥል በሽታ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ከትኩሳቱ በስተጀርባ ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት፤ “ዓይን በልቶት ነው” ተብሎ ሌሊቱ ማለፍ የለበትም።

ሶላት ላይ እያላችሁ ከሶፉ ውስጥ አንድ ሰው ቢወድቅስ? ሶላታችሁን አቋርጣችሁ እርዱት፤ ሰውን ከአደጋ ለማዳን ሶላት ማቋረጥ ግዴታ መሆኑን ፉቀሃዎች ተናግረዋል። የወደቀውም ሰው ራሱን በመሳቱ ውዱኡ ፈርሷል፤ ሲነቃ ሽንት ካለ ይታጠባል፣ ልብሱን ይለውጣል፣ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ከመስጂድ አትምጣ የሚለው ሰው ካለ ግን ያለ ሥልጣኑ ነው የተናገረው።

ሌላው የማይታወቅ ነገር፣ የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ አለመጣሉ ነው። አንዳንዱ ሰው ሳይወድቅ ዓይኑ ይፈዛል፣ ልብሱን ይነካካል፣ ከንፈሩን ያላምጣል፣ እየተራመደም የት እንደሚሄድ አያውቅም። እንዲህ ያለውን አትጨብጡት፤ አብራችሁት ሂዱና ከእሳትና ከመንገድ በቀስታ መልሱት። የቁርኣን ቤት ኡስታዞችም ይህን ስሙኝ። ሉሁን ይዞ እየቀራ ሳለ ቃሉን መሃል ላይ ቆርጦ ለጥቂት ሴኮንድ የሚፈዝ፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ልጅ አለ። በቀን ደጋግሞ ይህ ከታየበት ልጁ ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ ይህም አንዱ የበሽታው ዓይነት ነው። ልምጩን አስቀምጡና አባቱን አስጠሩ።

ወደ ቤታችን እንግባ። በአገራችን ይህ በሽታ ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መንፈራገጡ ሳይሆን የወደቀበት ቦታ ነው። ከሁሉ በፊት እሳት አለ። በሦስት ጉልቻ መሬት ላይ የሚነድ እሳት ካላችሁ ዙሪያውን በጭቃ ከፍ አድርጋችሁ አጥሩት፤ ምድጃውን ከፍ ባለ መደብ ላይ መሥራትም ይቻላል። በሽታው ያለባት ልጅ ወይም እናት ብቻዋን እንጀራ አትጋግር፣ ብቻዋን ፍም ላይ ቡና አታፍላ። ሌላው ሥራ ሞልቷል፤ ሽሮ ትንፋ፣ ሽንኩርት ትክተፍ፣ ቤት ታስተዳድር። “አትንኪ” ተብላ ጥግ መቀመጧ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ቀጥሎ ውኃ አለ። ወንዝ ዳር ብቻውን ውዱእ ማድረግ፣ ጉድጓድ ውኃ ብቻውን መቅዳት፣ መዋኘት ይቅርበት። ጥልቀት የሌለው ውኃ እንኳ ፊቱን ደፍቶ የወደቀን ሰው ያሰጥመዋል። ቤት ውስጥ በጆግ፣ ተቀምጦ ይታጠብ፤ የመታጠቢያና የሽንት ቤቱ በር ከውስጥ አይቆለፍ፤ ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ፎጣ መስቀል ይበቃል። ቆጥ ላይ ወይም ከፍ ባለ አልጋ ላይ አይተኛ፤ ፍራሹ ዝቅ ይበል። ዛፍ መውጣት፣ ጣሪያ ማልበስ፣ ሞተር ብስክሌትም ሆነ መኪና መንዳት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ።

ስለ መድኃኒቱ የምናገረው ከልቤ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በትክክል ተመርምረው ቢታከሙ ከበሽተኞቹ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ከ1912 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ዋጋው ርካሽ ነው። ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ሶዲየም ቫልፕሮኤትም አሉ። የትኛው እንደሚስማማ የሚወስነው ባለሙያው ነው። መድኃኒቱ በሽታውን አፍኖ የሚይዝ እንጂ በአንድ ሳምንት የሚነቅል አይደለም፤ በየቀኑ፣ በሰዓቱ መዋጥ አለበት። ሦስት ወር ስላልጣለው “ዳነ” ብለው በአንድ ጊዜ የሚያቋርጡ አሉ። ድንገት ማቋረጥ ከላይ የተናገርኩትን የማይቆም መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። ሁለት ዓመት ሳይጥለው የቆየ ሰው ሐኪሙን አማክሮ ቀስ በቀስ ሊቀንስ ይችል ይሆናል፤ ውሳኔው ግን የሐኪሙ ነው። ለማርገዝ የምታስብ እህትም አስቀድማ ትንገረው፤ በተለይ ቫልፕሮኤት ፅንስን ይጎዳል፤ በራሷ ፈቃድ ማቆሟ ግን ለእሷም ለፅንሱም አደጋ ነው።

እንቅልፍ ማጣትም በሽታውን ይቀሰቅሰዋል። ጫት በዚህ በኩል የማይታረቅ ጠላት ነው፤ ሌሊቱን ያነጋል፣ ምግብ ይዘጋል፣ መድኃኒት ያስረሳል።

በመጨረሻ የረመዷንን ጥያቄ ልመልስ። ባለፈው አንዲት እናት “ሸይኼ፣ ልጄ ካልጾምኩ ብሎ መድኃኒቱን ተወ፤ በሦስተኛው ቀን ጣለው፤ አሁንም እምቢ አለኝ፤ ምን ላድርገው?” ብለው አልቅሰዋል። መጀመሪያ ልጅዎን ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ፌኖባርቢታል ብዙ ጊዜ ማታ አንድ ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ በኢፍጣር ጊዜ ውጦ መጾም የሚችል ሰው አለ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጠውም ሰዓቱ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር የሚዞርበት ዕድል ይኖራል። ይህ የሚሆነው ግን በሐኪሙ ምክር፣ ረመዷን ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት ነው። ተራዊሕና ሱሑር እንቅልፉን እንዳይቆርጡት ቀን ላይ ይተኛ። ሐኪሙ “ጾም ይጎዳሃል” ካለው ደግሞ አይጾምም። በሱረቱል በቀራህ ለበሽተኛ የተሰጠው ፈቃድ ለእሱም የተሰጠ ነው፤ አላህ የሰጠውን ፈቃድ መቀበል የኢማን ጉድለት አይደለም። ለጊዜው ከሆነ ሲሻለው ቀዷ ያወጣል፤ ይድናል ተብሎ የማይጠበቅ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል። እናቱ ሆይ፣ ይህን እኔ እንዳልኩት አድርገው ይንገሩት፤ ካላመነዎት ይዘውት ይምጡ፣ ከዐስር በኋላ መስጂድ አለሁ።